የመተዋወቂያው ሰሞን

መስካሪዋ የመጣችው እሑድ ረፋድ ላይ ነው፤ አንድ ሻንጣ በእጇ፣ ካሜራዋን በጥቁር ከረጢት ደረቷ ላይ አንጠልጥላ። በራችን ፊቷን ስለማያውቀው አልተከፈተላትም። እኔ ከውስጥ ጠጋ ስል ተከፈተ።

«ቤት ለእንቦሳ» አለች።

«እንቦሳ እሰሩ!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። ከዋዜማው ጀምሮ ሳለማምዳቸው ስለዋልኩ አንድም ሰው አልዘገየም። መስካሪዋ ፈገግ አለችና በየተራ አየችን። ስሟ ኤፍራታ ነበር። ገና ወጣት ናት፤ ፊቷ ግን ብዙ ሰው ቤት ያደረ ሰው ፊት ነው፤ አይደንቀውም፣ አይከፋውም።

«እኔን አንቺ በሉኝ» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «እስክንተዋወቅ ድረስ እዚሁ ነኝ። የተለየ ነገር አታድርጉ።»

የተለየ ነገር አታድርጉ ማለት ለእሷ ቀላል ነው። እኔ የተለየውን ሁሉ አድርጌ ጨርሼ ነው በሩን የከፈትኩት።

አባባ ፈንታው፣ የባሌ አባት፣ ይህ ነገር ከተጀመረ ወዲህ ሲደንቃቸው ይኖራል። «እኛ ልጆች ሳለን» ይላሉ፣ «አባታችን ሸዋ በር አካባቢ ፎቶ ቤት ይወስደን ነበር። ከኋላችን ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ። አንሺው ስማችንን እንኳ አይጠይቅም። ቀና በሉ፣ ጨርሰናል፣ ቀጣይ!» ፎቶው ለማስታወሻ ነበር፤ ሳሎን ይሰቀላል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ከዚያ ዘመኑ መጣ። ማንም ሰው ተቀምጦ የፈለገውን ምስል መሥራት ቻለ። የሌለ ልጅ ከሌለ እናት ጋር ልደቱን ሲያከብር ይታያል። ፎቶ ሲሰለች ድምፅ ተሠራ፣ የጋብቻ ወረቀት ተሠራ፣ በመጨረሻ የደም ምርመራ ውጤትም እንደ ዳቦ ይጋገር ጀመር። መንግሥት የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቤት ገብቶ፣ አብሮ በልቶ፣ አብሮ አድሮ ያወቀ ሰው ዓይን። ስለዚህ መስካሪ ይላክልሃል። እስኪያውቅህ ድረስ ይቀመጣል። አወቅኋችሁ ሲል አንድ ጊዜ ያነሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ፎቶው ላይ ያለ ቤተሰብ ነው፤ በሩም፣ ቧንቧውም፣ ምድጃውም ለፊቱ ይታዘዛሉ። ፎቶው ላይ የሌለ እንግዳ ነው። እንግዳ ሦስት ቀን ይፈቀድለታል፤ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ወርዶ ነጠላ ሰፈር ይገባል። እዚያ አልጋ በአልጋ የተደራረበባቸው ረጃጅም አዳራሾች አሉ። ባል ያላት ነጠላ፣ አምስት ልጅ የወለደ ነጠላ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ከእኛ ቤት አንድ ሰው ወርዷል። ደምሰው፣ የባሌ የይመር ታናሽ ወንድም። ያለፈው መስካሪ የመጣ ጊዜ አባባ አጠገቡ ተቀምጠው ሆዳቸውን አወሩት፤ «ይኸ ልጅ ቤቱ መጠጥ ቤት ሆኗል፣ እዚህ አድሮ አያውቅም» አሉት። ልጃቸውን ሊያስመክሩበት ፈልገው ነበር። መስካሪው አንገቱን ነቀነቀ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ፎቶውን ሲያነሳ ደምሰውን ወደ ጎን አስወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይመርና አባቱ ቃል አይለዋወጡም። በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ የሚነጋገሩት ግን በእኔ በኩል ነው። «ለባልሽ ንገሪው»፣ «ለአባባ ንገሪልኝ»። እኔም አስተላልፋለሁ፤ መንገድ ላይ ትንሽ ስኳር ጨምሬበት።

ያኔ አንድ ነገር ተማርኩ። ገበና ለመስካሪ አይገለጥም። እናቴም ስትድረኝ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ «ልጄ፣ ሴት ማለት ገበና ከታች ናት»።

በዚህኛው ዙር የሚያስፈራን እማማ ሰዓዳ ነበረች። እማማ ሰዓዳ የማናችንም ዘመድ አይደለችም። በልጅነቷ ከወረባቦ መጥታ በዚህ ቤት ተቀጠረች፤ የይመር እናት ስትሞት ሁለቱን ልጆች አዝላ አሳደገቻቸው፤ ከዚያም ልጄን ሐምራን አዘለች። ባለፈው ሕግ ለቤት ሠራተኛ ከፎቶው ጠርዝ አንድ ቦታ ነበረው። ያ ተሰርዟል። አሁን ወይ ቤተሰብ ነህ ወይ እንግዳ። በዚያ ጉልበቷ ነጠላ ሰፈር ወርዳ በመሰላል አልጋዋ ላይ ስትወጣ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእሷ በቀር ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ቤቱን አዘጋጀሁት። በመጀመሪያ ድስቷን ደበቅኩት። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያን፤ በሥጋ አንገናኝም። የእኛ ድስት አለ፣ የእሷ ድስት አለ፤ የእሷ እጀታው ቀይ ነው። በዚህ ቤት ማንም ሰው፣ ሰክሮ ይገባ የነበረው ደምሰው እንኳ፣ ሁለቱን አደባልቆ አያውቅም። እኔ ግን በመስካሪ ዓይን አየሁትና ደነገጥኩ። ሁለት ድስት ያለበት ቤት ሁለት ቤተሰብ ነው ብትልስ? ወስጄ ምድር ቤት ካለው የስፌት ክፍሌ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ቀበርኩት። የፍልሰታ ጾም ስለነበር ለጊዜው ማንም አላስተዋለም።

ቀጥሎ ወንዶቹን አስቀምጬ «መስካሪዋ ባለችበት እርስ በርስ ትነጋገራላችሁ» አልኳቸው። እማማ ሰዓዳን ደግሞ «አንቺ ትቀመጫለሽ። አታቀርቢም፣ አታነሺም፣ እጅ አታስታጥቢም» አልኳት።

«ያረቢ! እንግዳ ቁጭ ብሎ እኔ ልቀመጥ?»

«እናት ነሽ፣ እማማ። እናት ትቀመጣለች።»

«የትኛዋ እናት ናት የምትቀመጠው?» አለችኝና ሄደች።

የመጀመሪያው ምሳ ይኸን ይመስል ነበር። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ «ይመር ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አሉ። ይመርም «ሥራ ጥሩ ነው፣ አባባ፣ አመሰግናለሁ» አለ። በዚሁ ዜናው አለቀ። እማማ ሰዓዳ ተነሳች፣ በዓይኔ አስቀመጥኳት፤ እንደገና ተነሳች፣ እንደገና አስቀመጥኳት። ሐምራ ሳቋን በውኃ ዋጠችው። ኤፍራታ ዝም ብላ በላች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም፣ ካሜራዋንም አልነካችም። መስካሪ የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ ሥራ ላይ መሆኑ አያስታውቅም።

በሚቀጥሉት ቀናት ከእያንዳንዳቸው ጋር ዋለች። ከይመር ጋር ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው የገመድ መኪና ተመላለሰች፤ እሱ ሹፌሩ ነው። ጉም መሐል ቆመው ሳለ ስለ ደምሰው አጫወታት፤ ማታ ሲነግረኝ ራሴን ያዝኩ። ከአባባ ጋር ፀሐይ መሞቂያቸው ላይ ተቀምጣ ዳማ ተጫወተች፤ አሸነፍኳቸው ብላ በሳቅ ስትነግረኝ አባባ ሲያለቅሱ እንዳየች ከአነጋገሯ ገባኝ። ሐምራ ትምህርት ቤት ስለምትወደው ልጅ ነግራታለች፤ እኔ ልጅ መኖሩን አላውቅም ነበር። እማማ ሰዓዳ አርብ አርብ ወደምትሄድበት ይዛት ሄደች። የት እንደሆነ ስጠይቅ «መስጊድ ነዋ፣ የት ልሄድ?» አለችኝ።

እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ እጠግን ነበር። ይመር ደምሰውን ካነሳ፣ እኔ ደምሰው ራሱ መሄድ ፈልጎ እንደነበር አስረዳለሁ። አባባ ካለቀሱ፣ ዓይናቸውን ብርድ እንደመታቸው እናገራለሁ። ሰሞኑን ሙሉ እንዲህ ሆኜ፣ በአንድ እጄ ስሰፋ በሌላው እጄ ስሸፍን ከረምኩ።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ለፎቶው ቀን ለሁላችን ከአንድ ጣቃ፣ ጠቆር ካለ አረንጓዴ ጥጥ እየሰፋሁ ነበር። ኤፍራታ ወደ ስፌት ክፍሌም መጣች። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እንዴት ነሽ፣ ትርንጎ?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«እናንተን አይደለም፣ አንቺን ነው።»

«እኔማ ምን እሆናለሁ? ትንሽ ሙዝ ላምጣልዎት?»

በላች። መቀሴን አነሳች፣ አስቀመጠች። በነጋታውም መጣች፣ በሌላውም ቀን። ሁልጊዜ ሙዝ አበላኋት።

ጾሙ የተፈታ ቀን ሥጋ ሠራሁ። ገበታው ሲቀርብ እማማ ሰዓዳ ሽሮዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሥጋ አትበዪም?» አለች ኤፍራታ።

«ጨጓራዬን አሞኝ ነው፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃኛል።»

«ጨጓራ የለብሽም!» ብላ ሐምራ ቁጣዋን ለቀቀችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለውሸት ገና አልበሰለችም። «ድስቷን እማዬ ደብቃባት ነው። ቀዩን ድስት። እሷን ለማዳን ብላ ሥጋ ከለከለቻት!»

ጉርሻ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ልምምዱን ሁሉ ረስተው ወደ ዱሮው ተመለሱ።

«ትርንጎ፣ ለባልሽ ንገሪልኝ፤ አዝላ ያሳደገችው ሴት ሥጋ ተከልክላ ሽሮ ስትበላ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይጎርሳል በይልኝ።»

ይመር እጁን አነሳ። «ለአባባ ንገሪልኝ፤ ከዚህ ቤት ሰው ማስወጣት እሳቸው ያስተማሩን ነው በይልኝ።»

በመካከላቸው ያለው አንድ ክንድ አይሞላም። እኔ ሳቅኩ። እንግዳ ፊት የማይሆን ነገር ሲሆን ይስቃል ሰው። «ይቀልዳሉ እኮ፣ ኤፍራታ፣ እንዲህ ናቸው ሁልጊዜ...»

«ዝም በሉ!» አለች እማማ ሰዓዳ።

ተነስታ ቆመች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«ጋሼ ፈንታው፣ እርስዎ አርብ በመጣ ቁጥር ለደምሰው ስንቅ ብለው በሶውን፣ ሹራቡን፣ መድኃኒቱን በእጄ ያስይዙኛል። ለይመር አትንገሪ ይሉኛል። አንተ ይመር፣ እዚያው በር ላይ ጠብቀህ ያንተን ታስይዘኛለህ፤ ለአባባ አትንገሪ ትለኛለህ። እኔ ወላሂ ሁለት ዘንቢል ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ልጁ ከሁለት ዘንቢል ይበላል። እናንተ ከአንድ ገበታ እየበላችሁ አፍ የላችሁም። አላህን አትፈሩም?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ተቀመጠችና ሽሮዋን መብላት ቀጠለች። ኤፍራታ ማኘክ አቁማ ታያት ነበር።

እኔ ስለ ስንቁ አላውቅም ነበር። በዚህ ቤት አንዲት መርፌ ከቦታዋ ብትነሳ የማውቅ እኔ፣ አርብ በመጣ ቁጥር ሁለት ዘንቢል በደጄ ሲወጣ አላየሁም። ቀናሁ። በእማማ ሰዓዳ ቀናሁ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ያ ሁሉ የሸፈንኩት ገበና ገበታ ላይ ፈሶ ሳየው አለቀልን አልኩ። አንስቼ ከሥጋው ጋር ብከተው ደስ ባለኝ።

በነጋታው ኤፍራታ ስፌት ክፍሌ ገባች። ቀዩን ድስት ከጨርቁ ሥር አውጥቼ እያጠብኩት ነበር።

«እማማ ሰዓዳ ፎቶው ውስጥ ናት» አለች ቁጭ እንዳለች። «ስለ እሷ አትጨነቂ። ለአንድ ሰው ለብቻው ድስት አስቀምጦ ያን ሁሉ ዘመን ሳይሳሳት የኖረ ቤት ካየሁ፣ እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም። ባትደብቂው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር።»

ጉልበቷን ልስም ወደቅኩ፤ አነሳችኝ። አለቀስኩ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል፣ ግን ደስታ ነበር።

«አሁን ስለ አንቺ ንገሪኝ» አለች።

«ስለ እኔ ምን ይወራል?»

«ምንም ይሁን። የሚያናድድሽን። የምትፈልጊውን። አራቱን አውቄያቸዋለሁ፣ አንቺ ቀረሽኝ።»

የሚነገር ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። የሁለት ወንዶች ቃል መመላለሻ ገመድ ሆኜ መሰልቸቴ ነበር። ሐምራ ለማታውቃት ሴት የነገረችውን ለእኔ አለመንገሯ ነበር። ዘንቢሎቹ ነበሩ። አንዳንድ ቀን ይመር የገመድ መኪናውን ወደ ጦሳ ሲያወጣ ተሳፍሬ ላልመለስ የሚያምረኝ መሆኑም ነበር። ሁሉም ተሰልፎ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ከዚያ ደምሰው ትዝ አለኝ። ሆዱን ያወራ ሰው ምን እንዳተረፈ አይቻለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «ሙዝ ላምጣልዎት?»

ጠበቀችኝ። የስፌት መኪናዬ ላይ የተጋደመውን አረንጓዴ ጨርቅ፣ ድስቱን፣ እኔን እያፈራረቀች አየች።

«አምጪልኝ» አለች በመጨረሻ።

የፎቶው ቀን ጉሙ ገልጦ ጦሳ በመስኮት ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የሁሉም ልብስ ደርሷል፤ የእኔ ብቻ ጊዜ አንሶኝ ጠርዙ በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ለበስኩት። አባባን በቀኝ አስቀመጥኩ። ይመርን ከኋላቸው አቆምኩና እጁን አንስቼ ትከሻቸው ላይ አደረግኩት። ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሳም። ሐምራ ከታች። እማማ ሰዓዳ መሐል ላይ ተቀመጠች። ተቀመጠች! አንድም ጊዜ ልትነሳ አልሞከረችም። ከይመር ጎን የእኔ ቦታ ክፍቱን ነበር።

ልብስ ሰፊ የሠራችውን የምታየው ራቅ ብላ ነው። አጠገቡ ሆነህ ትከሻው ይጥበብ፣ ወገቡ ይውደቅ አይታወቅም። ወደ ኋላ አልኩ። የእማማ ሰዓዳ አንገትጌ ተጣሟል። ሄጄ አቃናሁትና እንደገና ወደ ኋላ አልኩ፤ ጀርባዬ የኤፍራታን ክርን ነካው። አየኋቸው። አራቱም በአረንጓዴው ልብስ፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ፣ የልጅ እጅ በአባት ትከሻ ላይ። የማስተካክለው ነገር አጣሁ።

«እንዴት አማረባችሁ!» አልኩ።

አራቱም እኔን እያዩ ሳቁ። ካሜራው ቀጭ አለ።

«ኧረ እኔ አልገባሁም!» ብዬ እየሳቅኩ ወደ ቦታዬ ሮጥኩ። ደርሼ ስዞር ኤፍራታ ካሜራውን ከረጢቱ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች።

ይመር ምን እንዳለ አልደግመውም። እሷ እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው።

«ትርንጎን ለማወቅ የመጣሁበትን ሰሞን ሙሉ ሞክሬያለሁ» አለች በዚያው በማይደንቀው ድምፅ። «ያወቅኩት ይኸንን ነው። ከእኔ ጎን ትቆማለች፣ ከፎቶው ውጪ፣ እናንተን ታሳምራለች። ያላየሁትን ማንሳት አልችልም። ያላየነውን ስላነሳን ነው እዚህ የደረስነው።»

«እናቴ ናት!» አለች ሐምራ።

«አውቃለሁ። አራታችሁም የምታዩት እሷን ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።»

«ታዲያ አለችበታ!» አሉ አባባ። «ሁላችንም ካየናት፣ አለችበት ማለት ነው!»

«የሚቆጠረው ፊት ነው፣ አባባ።»

ሻንጣዋን አነሳች። ከእነሱ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እግሬ ግን ልማዱን አይተውም፤ እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድምና ተከትያት ወጣሁ። ደረጃው ጫፍ ላይ እጅጌዋን ያዝኩ።

«አንቺ» አልኳት፣ «ምን ነበረበት ግቢ ብትዪኝ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት እኔ እንዲኖር ፈልጌ ነው።

«ዛሬ ገና አንቺ አልሽኝ» አለችና ወረደች።

ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ፊቴን አስጠጋሁ። ዝም አለኝ። ያን እሑድ ለኤፍራታ እንደሆነው ሁሉ አልተከፈተልኝም። ሐምራ ከውስጥ መጥታ እስክትከፍትልኝ ድረስ ቆምኩ። ሳሎን ግድግዳው ላይ ፎቶው ወጥቷል፤ ከሥሩ የአራት ሰው ስም። እውነቷን ነው፣ ያምራል። የእማማ ሰዓዳም አንገትጌ ቀጥ ብሏል።

ምሳ መቅረብ ነበረበት። ምድጃው ለእኔ አልነድ አለ፤ ሐምራ አነደደችው። እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፤ ውኃው አልወረደም። እማማ ሰዓዳ ከኋላዬ መጣች። ፊቷን ለቧንቧው አሳየች፣ በማንቆርቆሪያ ቀዳች፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጣለች።

«እጅሽን ዘርጊ፣ ልጄ» አለችኝ።

«እማማ፣ አንቺ አታስታጥቢኝም፣ ተቀመጪ...»

«ዘርጊ አልኩሽ።»

ዘረጋሁ። ውኃው ሞቅ ያለ ነበር። ከእጄ የተረፈው እግሬ ላይ ይፈስስ ነበር፣ ሁለታችንም ነገሬ አላልነውም።

የተረፈው ቦታ ኤፍራታ ስትቀመጥበት የከረመችው ነው፤ እዚያ አስቀመጡኝ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይባላል። የመጀመሪያ ቀኔ ነበርና እንደ ወርቅ ያዙኝ። ምርጡን ሁሉ ከፊቴ ደረደሩት። እኔ እበላ ነበር፤ የበላሁትን አላውቀውም።

አባባ ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ እኔ ሊዞሩ መስሎኝ የሚሉትን ለማስተላለፍ አፌን አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን በእኔ በኩል አልመጡም፤ ቀጥ ብለው ልጃቸውን አዩት።

«ይመር» አሉት፣ «ወጥ ጨምርላት።»

«እሺ፣ አባባ» አለ ይመር።